ስሙ ተደረደረ፣ ዕዳው ቦታው ቀረ

እናቴ ያለችበት እድር 143 አባላት አሉት። መዝገቡ ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ደብተር ነው፤ ዕድሜው ከእኔ አያንስም። ባለፈው ክረምት ጸሐፊው ጠሩኝና «አንተ ኮምፒውተር ትችል የለ እንዴ፣ እስቲ ይቺን በሀ ሁ ተራ አድርገህ አትምልን» አሉኝ። እኔም ምን ችግር አለው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም አልኩ። እውነትም ኮዱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ይቅርታ መጠየቁ ነው ሦስት እሁድ የፈጀው።

ደብተሩን ስገለብጥ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሦስት ሊስት፣ ማለትም ሦስት ዝርዝር፣ ከፈትኩ። አንዱ ስሞች፣ አንዱ ስልኮች፣ አንዱ ውዝፍ። (በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የሊስት ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። ስለዚህ ኮዱ ውስጥም ስማቸው ይኸው ነው። እናቴ አጠገቤ ቆማ ስታነበው «አማርኛም ይችላል?» አለች።) ሦስቱን ሊስቶች የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦታ። ስሞች ላይ 17ኛ የተቀመጠ ሰው፣ ስልኩም ስልኮች ላይ 17ኛ ነው፣ ዕዳውም ውዝፍ ላይ 17ኛ ነው። ይህን የምናውቀው ግን እኔና እግዜር ብቻ ነን። ለፓይተን ሦስቱ የማይተዋወቁ ሊስቶች ናቸው።

ከዚያ ስሞችን ሶርት አልኩት። ተደረደረ። ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ያምራል። ሦስቱን ሊስቶች ጎን ለጎን አድርጌ አተምኩና ወረቀቱን ላክሁ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ጸሐፊው ውዝፍ ያለባቸውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት 1,200 ብር ተባሉ። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ የሰሙትን ያላመኑ ይመስላሉ። ከዚያ ብድግ ብለው «እኔ? እኔ የሰኔን ሳልከፍል ሐምሌን አይቼ አውቃለሁ?» አሉ። ቤቱ ተንጫጫ። ቀጥሎ የተጠሩትም ተቆጡ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የተጠሩትም። እውነተኛው ባለዕዳ ደግሞ ዜሮ ተብሎ ሲነበብለት ጭጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። እኔ በር አጠገብ ነበርኩ፣ መውጫው ቅርብ ስለነበር ደስ ብሎኛል።

ቤት ገብቼ ሳየው ስሞቹ ብቻ ናቸው የተንቀሳቀሱት። ስልኩና ውዝፉ በደብተሩ ተራ ባሉበት ቁጭ ብለዋል። ማለትም ሰዎቹን ወንበር አቀያይሬ ጫማቸውን በድሮው ወንበር ስር ትቼዋለሁ ማለት ነው። ሶርት ደግሞ እዚያው ሊስቱ ላይ ነው የሚሠራው፤ የድሮውን ተራ ሳያስቀር ያጠፋዋል። መልሶ የሚሰጣችሁም ነገር የለም። «ስሞች እኩል ይሆናል ስሞች ሶርት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሞች ባዶ ይሆናል። ይህኛው ስህተት ቢያንስ ወዲያው ይታያል። የእኔው ግን ምንም ኤረር ሳያሳይ፣ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ነው የወጣው። ደግነቱ ዋናውን ፋይል አልነካሁትም ነበር።

ታዲያ እንዴት ነው አብረው የሚደረደሩት? መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት፣ ዚፕ ወደሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ነው። ዚፕ ስሙ እንደሚለው ነው፣ የጃኬት ዚፕ። የሦስቱን ሊስቶች የመጀመሪያዎቹን ያያይዛል፣ ሁለተኛዎቹን ያያይዛል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሁን በእጃችሁ ያለው 143 ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ አንድ ሰው ከነስልኩ ከነዕዳው አለ። ጥቅሉን ስትደረድሩት ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ስትጨርሱ መልሳችሁ ትፈቱታላችሁ። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ዚፕ ሁለት አመል አለው፤ ሁለቱም እኔ ላይ ደርሰዋል።

አንደኛው ዝምታው ነው። ሊስቶቹ እኩል ርዝመት ከሌላቸው በአጭሩ ልክ ቆርጦ ያቆማል። ምንም አይላችሁም። እኔ ስገለብጥ አንድ ስልክ ዘልዬ ኖሮ ስልኮች 142 ነበሩ፣ ስለዚህ የመጨረሻው ሰው ከእድሩ ወጣ። እንዲያው ዝም ብሎ ወጣ፣ ያለ ስብሰባ ያለ ውሳኔ። ከተዘለለው ስልክ በታች ያሉት ሰዎች ደግሞ ሁሉም የጎረቤታቸውን ስልክ ይዘዋል። ፓይተን 3.10 በ2021 ሲወጣ ለዚህ መድኃኒት ይዞ መጥቷል፤ ዚፕ ላይ «ስትሪክት» የሚል ነገር ጨምሩበትና ትሩ (እውነት) አድርጉት፣ ርዝመታቸው ካልተስማማ ይጮህላችኋል። እኔ አሁን ያለ እሱ ዚፕ አልጽፍም።

ሁለተኛው አመሉ ረቀቅ ይላል። ጥቅሎች ሲወዳደሩ መጀመሪያ ስም ከስም ይወዳደራል። ስሙ እኩል ከሆነስ? ያኔ ፓይተን ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ስልክ ከስልክ ያወዳድራል። እኛ እድር ውስጥ በስምም በአባትም ስም አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ከሁለቱ አንደኛው ስልክ የለውም። ስልክ የሌለበትን ቦታ ባዶ፣ ፓይተን «ነን» የሚለውን፣ አድርጌው ነበር። ፓይተን 3 ደግሞ ባዶን ከጽሑፍ ጋር አላወዳድርም ብሎ ተሰበረ። ያውም 143 ሰው ውስጥ በሁለት ሰው ምክንያት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስትደረድሩ «ኪይ» (በምን ልመዝን የሚለው) በሚለው በኩል በስሙ ብቻ ደርድር ትሉታላችሁ። ያኔ ስልኩን አያየውም።

እኔ ግን ዚፑን በመጨረሻ ተውኩት። አሁን የምወደው ሌላ ነው። ዕቃውን ሳትነኩ ተራውን ብቻ ትደረድራላችሁ።

አራት ሰው እንውሰድ። ጫላ፣ አበበ፣ ለምለም፣ በላቸው። (አበበና ጫላ በሶና ጩቤ ይዘው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረውን አሉ፣ አሁንም ያገልግሉን።) ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር ጫላ 0፣ አበበ 1፣ ለምለም 2፣ በላቸው 3 ነው። አሁን ስሞቹን አትደርድሩ። 0፣ 1፣ 2፣ 3 የሚሉትን ቁጥሮች ደርድሩ፤ ግን እያንዳንዱን ቁጥር የምትመዝኑት እዚያ ቦታ ላይ ባለው ስም ይሁን። በሀ ሁ ለምለም ትቀድማለች፣ በላቸው ይከተላል፣ ከዚያ አበበ፣ ከዚያ ጫላ። ስለዚህ የምታገኙት ሊስት 2፣ 3፣ 1፣ 0 ነው። እኔ ይህን ሊስት ተራ ብዬዋለሁ።

ተራ ማለት የጥሪ ወረቀት ነው። መጀመሪያ 2ኛ ቦታ ያለውን አምጣ፣ ቀጥሎ 3ኛውን፣ ቀጥሎ 1ኛውን፣ መጨረሻ ዜሮኛውን። ይህን ወረቀት ለስሞች ትሰጡታላችሁ፣ ለስልኮች ትሰጡታላችሁ፣ ለውዝፍ ትሰጡታላችሁ። ሦስት መስመር ኮድ ነው። ነገ አራተኛ ሊስት፣ ለምሳሌ የቤት ቁጥር፣ ቢመጣም ያው አንድ ወረቀት ይሠራል። ዋናዎቹ ሊስቶችም አልተነኩም፤ ብትሳሳቱ የድሮው ተራ እዚያው አለ። ኒዩምፓይ የሚባለውን የፓይተን የቁጥር መሣሪያ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህንኑ «አርግሶርት» በሚል ስም ታገኙታላችሁ። እዚያ ላይ ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ እመለስበታለሁ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ድንጋይ አለ። እኔም ተሰናክያለሁ። 2፣ 3፣ 1፣ 0 «ማን ይቅደም» ለሚለው ነው መልሱ። «እኔ ስንተኛ ነኝ» ለሚለው አይደለም። ጫላ ስንተኛ ነው? መጨረሻ፣ ማለትም 3። አበበ 2፣ ለምለም 0፣ በላቸው 1። የደረጃው ሊስት 3፣ 2፣ 0፣ 1 ነው ማለት ነው። ከተራው ጋር አንድ አይደለም። ተራውን ይዛችሁ «ጫላ ወደ 2 ሂድ፣ አበበ ወደ 3 ሂድ» ካላችሁ የሚወጣው በላቸው፣ ለምለም፣ ጫላ፣ አበበ ነው። ይህ የማንም ፊደል ተራ አይደለም። ክፋቱ ደግሞ በሁለት ሰው ሊስት ከሞከራችሁት ሁለቱም አጻጻፍ ልክ ይመስላል፤ ሁለት ሰው ቦታ ሲለዋወጥ መሄጃውም መምጫውም አንድ ነውና። እኔ በሁለት ሰው ሞክሬ ነበር ልክ ነው ያልኩት። ስትሞክሩ ቢያንስ አራት ሰው ይኑር፣ የተዘበራረቀ ይሁን።

ፒኤችፒ በሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የምትጽፉ ሰዎች እየሳቃችሁ ይሆናል። ለእናንተ «አሬይ መልቲሶርት» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ሦስቱን አሬዮች (የእኛ ሊስት መሆናቸው ነው) አንድ ላይ ትሰጡታላችሁ፣ በመጀመሪያው ደርድሮ ሌሎቹን አብሮ ይጎትታቸዋል። ርዝመታቸው ካልተስማማም ዝም አይልም። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሥራ ብቻ ከሆነ ፒኤችፒ ፓይተንን ይበልጠዋል። ግን እሱም ስሙ እኩል ሲሆን በሁለተኛው አሬይ ነው የሚያዳኘው፤ ሳታስቡት በስልክ ቁጥር ቅደም ተከተል የተደረደሩ ሞክሼዎች ታገኛላችሁ።

ጃቫስክሪፕት የሚባለው ቋንቋ ላይ ደግሞ ውዝፉን ልደርድር ብላችሁ ዝም ብላችሁ ሶርት ካላችሁ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው። 1000፣ ከዚያ 150፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 9። በ1 የሚጀምር ነገር ሁሉ ከላይ ነው። ቁጥር ከቁጥር የሚያወዳድር ፈንክሽን ራሳችሁ ካልሰጣችሁት ይህ አይስተካከልም። ይህን የወሰነው ሰው እድር ገብቶ አያውቅም።

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት። እድሩ በሦስት ቀጠና ነው የተከፈለው። በቀጠና፣ ቀጠናው ውስጥ ደግሞ በስም አድርግልን አሉኝ። ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ በስም መደርደር፣ ከዚያ በቀጠና እንደገና መደርደር ነው። ግራ ያጋባል፣ ትልቁ ለምን መጨረሻ ሆነ ትላላችሁ። የሚሠራው ግን ሁለተኛው ሶርት በቀጠና እኩል የሆኑትን ሰዎች ባገኛቸው ተራ ከተዋቸው ብቻ ነው። ፓይተን ይተዋቸዋል። ቲም ፒተርስ በ2002 ለፓይተን የሠራው ቲምሶርት የሚባለው ዘዴ እኩሎችን አያንቀሳቅስም። ጃቫስክሪፕት ይህን ግዴታ ያደረገው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት ክሮም ላይ እስከ 10 ዕቃ ድረስ ይጠብቅላችኋል፣ 11ኛው ሲጨመር ቃሉን ያጥፋል፤ በ2018 ክሮም 70 ላይ ነው ያስተካከሉት። አስቡት እንግዲህ፣ በአምስት ሰው ስትሞክሩት ልክ፣ በ143 ሰው ስህተት። ፒኤችፒም እስከ 2020፣ እስከ 8.0 ድረስ ቃል አልገባም ነበር። የኒዩምፓይ አርግሶርትም ካልነገራችሁት እኩሎችን ለመጠበቅ ግዴታ የለበትም፤ ስቴብል ሁን ማለት አለባችሁ።

ሌላ ጉድ ደግሞ ከባንክ መጣ። መዋጮ የገባላቸው ሰዎች ዝርዝር ተላከልኝ፣ ተራው ግን በገባበት ቀን ነው። ይህ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን ሊስት በራሱ ሳይሆን በመጀመሪያው ተራ ማሰለፍ። መጀመሪያ ያደረግኩት ለእያንዳንዱ የባንክ መስመር «ይህ ስም ስሞች ውስጥ ስንተኛ ነው» ብሎ ሊስቱን ከላይ ጀምሮ መፈለግ ነበር። ለ143 ሰው ኮምፒውተሩ አይሰማውም፣ ቢበዛ 20,449 ጊዜ ማየት ነው። 100,000 ሰው ቢሆን ግን 10 ቢሊዮን ይሆናል፣ ሻይ ጠጥታችሁ ትመጣላችሁ፣ አላለቀም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ሊስቱን አልፋችሁ ለእያንዳንዱ ስም ቦታውን ዲክሽነሪ ውስጥ (ስሙን ስትጠሩለት ቦታውን ወዲያው የሚነግራችሁ መዝገብ) መዝግቡ፣ ከዚያ በዚያ ደርድሩ። ዲክሽነሪው ውስጥ የሌለ ሰው ከባንክ ከመጣ ይሰበራል፤ ይሰበር፣ ማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ግን እነዚያ ሁለት ሞክሼዎች ትዝ አሏችሁ? ዲክሽነሪው ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸው። ያኔ ነው ደብተሩ ላይ ከስሙ በስተግራ ያለውን፣ ንቄ ያልገለበጥኩትን የአባል ቁጥር አራተኛ ሊስት ያደረግኩት። ለካ እሱ ነበር ዋናው።

አሁን ወደ ፊደላችን። እዚህ ነው ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ።

ኮምፒውተር ሀ ሁ አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ስለዚህ ሃይሉ ብሎ የተመዘገበው ሰው ገጽ 1 ላይ ከላይ ነው። ኃይሉ ብሎ የተመዘገበው ግን በለምለም፣ በመኮንን፣ በበቀለ አልፎ ከተስፋዬዎች በኋላ ነው የሚገኘው። አንድ ስም፣ ሁለት ገጽ። ሠለሞንና ሰለሞንም፣ ዓለሙና አለሙም፣ ፀሐይና ጸሐይም እንደዚሁ ይለያያሉ። ደብተሩን በየዘመኑ የተለያየ ጸሐፊ ስለጻፈው ደግሞ ሁሉም ዓይነት አለበት።

መፍትሔው የሚያምር ነው። ፊደሎቹ በየስምንት ቦታ ስለተቀመጡ ሰባቱም ድምፆች እኩል ይራራቃሉ። ስለዚህ ከሐ ዘር 16 ስትቀንሱ ሀ ዘር ይሆናል፣ ከኀ ዘር 128፣ ከዐ ዘር 48 ስትቀንሱ አ ዘር፣ ከፀ ዘር 8 ስትቀንሱ ጸ ዘር፤ ሠ ላይ ደግሞ 16 ትጨምራላችሁ፣ ሰ ይሆናል። ይህንን ግን ስሙ ላይ እንዳታደርጉት! ኪዩ ላይ ብቻ። ሰው ስሙን በሐመሩ ሐ ከጻፈ በሐመሩ ሐ ይታተምለት፣ አባቱ ያወጣለት ነው። መደርደሪያው ብቻ ነው በውስጥ ሌላ መልክ የሚያየው።

ከዚያ አቶና ወ/ሮ አሉ። ደብተሩ ላይ ሁሉም ከነማዕረጉ ነው የተጻፈው። እንዳለ ብትደረድሩት ወንዶቹ በሙሉ አ ስር፣ ሴቶቹ በሙሉ ወ ስር ይሰለፋሉ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደምንቆመው። ይህን እንኳ ከመታተሙ በፊት አየሁት። ገ/ማርያም እና ገብረማርያምም አሉ፤ ሕዝባሩ ቁጥሩ 47 ብቻ ስለሆነ ገ/ የሚል ሁሉ ከገመቹ በፊት ይገባል፣ ገብረ ብሎ በሙሉ የጻፈው በኋላ ይመጣል። እሺ ብዬ ኪዩ ላይ ገ/ ን ገብረ፣ ወ/ ን ወልደ፣ ተ/ ን ተክለ አድርግ አልኩት። አደረገ። ወ/ሮ የሚለውንም ሁሉ «ወልደሮ» አደረገው። ማዕረጉን መጀመሪያ ነው ማንሳት ያለባችሁ።

ሦስት ሊስት ለምን አስፈለገህ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሰውዬውን ከነንብረቱ አንድ ላይ ብታስቀምጡት፣ በዲክሽነሪም ይሁን ፓይተን 3.7 ይዞት በመጣው ዳታክላስ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም፤ እኔም አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን የሌላ ሰው ኮድ ስትረከቡ፣ ወይም ግራፍ የሚሥል ላይብረሪ አግድሙን ለብቻ ቁመቱን ለብቻ ስጠኝ ሲላችሁ ሊስቶቹ ለየብቻ መሆናቸው አይቀርም።

በሦስተኛው እሁድ የተስተካከለውን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ያቺ እናት ስማቸውን ፈልገው አገኙት፣ ፊት ለፊቱ ዜሮ። ሁለቴ አዩት። «በል እሺ» አሉኝ፤ ይቅርታው ይኼው ነበር። ጸሐፊው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ካዩ በኋላ «ጥሩ ነው የኔ ልጅ። ግን እኛ ሰው የምንጠራው በገባበት ተራ ነው። ቀድሞ የገባ እያለ ኋላ የመጣውን ቀድመን ብንጠራ ይቀየማል» አሉ።

ማታ ቤት ገብቼ በአባል ቁጥር ደረደርኩት። አንድ መስመር። በሀ ሁ የታተመውን ጥሩምባ ነፊው ወሰደው፤ ሌሊት ለቅሶ ሲነገረው ስልክ መፈለጊያ ይሆነኛል አለ።